ሳይጠሩት አቤት

መገናኛ ሬዲዮ የጨበጠ ሰው አካሄዱ ይለወጣል። ትናንት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በዱላው ላይ ሰቅሎ እየተንቀራፈፈ ይሄድ የነበረ የሆቴል ጥበቃ፣ ያቺ አጭር አንቴና ያላት ጥቁር ዕቃ በተሰጠችው ማግስት ደረቱ ይነፋል፣ እርምጃው ይፈጥናል፣ የማያስቸኩለው ጉዳይ ሁሉ ያስቸኩለዋል። ዱላውን ግን አይጥልም፤ በብብቱ ይሸጉጠዋል። በባትሪ ብቻ ተማምኖ ከቤቱ የሚወጣ ጎጃሜ ገና አልተወለደም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ይህን ለማየት ብዙ መዞር አያስፈልግም። በዋናው አስፋልት ዳር ካሉት ሆቴሎች ደጃፍ አይጠፋም። ሠርግ ሲሆን የቪዲዮ ቀራጩ ረዳት ይይዘዋል። ለጥምቀት ደግሞ አስተናጋጅ ወጣቶቹ ይይዙትና፣ እርስ በርሳቸው አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው፣ እየተያዩ፣ «ይሰማል? ይሰማል?» ይባባላሉ። ይሰማል እንጂ! ያለ ሬዲዮውም ይሰማል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ግን አካሄዱም ጩኸቱም አይደለም። ሽሽታው ነው። ጠዋት አንድ ስኒ ቡና ልጠጣ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ከጥበቃው ወገብ ላይ ያለማቋረጥ ሽሽሽሽሽ… ይላል። ምጣድ የተጣደ መስሎኝ ዞር ያልኩበት ጊዜም አለ። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እባክዎን ይቺን ነገር ዝም ያሰኙልኝ።»

«ብቀንሳት አለቃ ሲጠራኝ በምን እሰማለሁ?»

«ድምፁን አይደለም፤ ሽሽታውን ነው እንጂ። ማጥፊያ አለው።»

አዩኝ። ከዚያ ሬዲዮዋን አዩ። «እሱን ከተወች እኮ ሞተች ማለት ነው» አሉኝ። «ስትተነፍስ ነው በሕይወት መኖሯን የማውቀው። ሌሊት እንኳ ዝም ስትል ደንግጬ እነሣለሁ።»

ምን ይባላል? ቡናዬን ጠጥቼ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያሉ ሬዲዮዎች ላይ ስኩዌልች የሚሉት የሽሽታ ማፈኛ አለ። በብዙዎቹ ላይ ከ0 እስከ 9 ቁጥር አለው። 0 ላይ ካደረጉት ሬዲዮው ሰው ኖረም አልኖረ አፉን ከፍቶ ይውላል፤ የጋሼ እንዲያ ነበር። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው ሬዲዮ ይዞ ያውቅ ነበር ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም። 9 ላይ ካደረጉት ደግሞ ከቅርብ ሆኖ በርትቶ ለሚጠራው ካልሆነ በቀር ለማንም አይመልስም። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ልናስፈጽም ስንሄድ የምናገኛቸው ሰዎች 9 ላይ ያሉ ናቸው።

ብዙ ሰው ስኩዌልች የሚከፈተው ድምፅ ሲመጣ ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው። በኤፍ ኤም የሚሠራ መገናኛ ሬዲዮ ማንም ካልተናገረበት የራሱ የውስጥ ሽሽታ ይበረታል። የሌላ ሬዲዮ ሞገድ ሲደርሰው ግን፣ ተናጋሪው ገና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ቁልፉን እንደተጫነ ያ ሽሽታ ዝቅ ይላል። ስኩዌልች የሚያደምጠው ይህንን ነው። ከሰው ድምፅ በላይ ያለችውን ቀጭኗን ሽሽታ ይከታተላል፤ እሷ ስትበረታ በሩን ይዘጋል፣ ጸጥ ስትል ይከፍታል። ሰው ሲንጫጫ የሚያንቀላፋ፣ ጸጥ ሲል ብድግ የሚል ዘበኛ በሉት። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ሰብሳቢ ቢገኝልን በግማሽ ሰዓት ጨርሰን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር።

ይህ ዘበኛ ታዲያ አንድ ጠባይ አለው። በሩን ለመክፈት ትንሽ ይዘገያል። ትንሽ ናት፤ ከሰከንድ የምታንስ። እሷ ትንሽ ጊዜ ቡሬ ላይ የሠራችውን እነግራችኋለሁ፤ ግን መጀመሪያ መጋዘኑን ልንገራችሁ።

ቡሬ በበቆሎ ያደገ አገር ነው። ከወምበርማ፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከራሱ ከቡሬ ዙሪያ የሚሰበሰበው በቆሎ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሲጎርፍ፣ መንገዱ በኤፍ ኤስ አርና በሲኖትራክ ይጨናነቃል፤ በርበሬውም በዚያው ሰሞን ስለሚመጣ ከተማው ሲያስነጥስ ይከርማል። አንድ ዘመዴ በዚያ ባለ አንድ መጋዘን ንብረት ክፍል ይሠራል። ልጠይቀው እየሄድኩ በዚያው ቁጭ ብዬ የማመሽበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ምክንያቱም ቲያትር ነበር።

ሦስት ሬዲዮ ተገዛ። አንዱ ለበር ጥበቃው፣ አንዱ ለባለሚዛኑ፣ አንዱ ለኃላፊው። ያው ቻይና ሠራሹ፣ ባለ 16 ቻናሉ፣ አናቱ ላይ የሚዞር ማርሽ ያለው ነው። ይህን ማርሽ ባዞሩት ቁጥር ውስጡ ያለች ሴትዮ የቻናሉን ቁጥር ትጠራለች። እንግሊዝኛም ትችላለች፤ ሲከፍቱት ቁልፎቹን አስተካክሎ ለያዘላት ቋንቋዋን ትለውጣለች። ይህን ግን የነገራቸው የለም። የደረሰቻቸው ቻይንኛ ስትናገር ነው፤ እነሱም እንደመጣች ተቀበሏት።

በዚህ ምክንያት የበር ጥበቃው በስተርጅና ቻይንኛ ለመዱ። ሁለት «ኧር» ነው፣ ሦስት «ሳን» ነው፣ አምስት «ዉ» ነው። ባለሚዛኑን ሲጠሩት፣ «አንተ ልጅ፣ ዉ ላይ ምን ትሠራለህ? ወደ ሳን ና!» ይሉታል። ለሥራ የመጣ አንድ ቻይናዊ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሲሰማ ፊቱ የሆነውን ዘመዴ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል።

ቻናል የሚሉት ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ማርሹ በጋቢ ስር፣ በኪስ ውስጥ፣ በቀበቶ ላይ ሳያውቁት ይዞራል። ሳን ላይ ያለ ሰው ዉ ላይ ያለውን «ወደ ሳን ና» ብሎ ቢጠራው አይሰማም፤ ምክንያቱም ዉ ላይ ነዋ ያለው። ሊጠራው ከፈለገ ራሱ ወደ ዉ መሄድ አለበት። እሱ ወደ ዉ ሲሄድ ያኛው ደግሞ «ሰው ጠፋብኝ» ብሎ ወደ ሳን ይመጣል። እንዲህ ሲተላለፉ ያረፍዳሉ። በመጨረሻ ጥበቃው ከበሩ ላይ ሆነው በባዶ አፋቸው ይጣራሉ፤ ባለሚዛኑም ከውስጥ «አቤት!» ይላል። ሬዲዮው ሁለቱም እጅ ላይ ነው።

የሚገርመው ሰው ሁሉ ቻናሉን የግል ጓዳው አድርጎ ማሰቡ ነው። ጥበቃውና ባለሚዛኑ ኃላፊው ሲመጡ የሚጠቋቆሙበት ምልክት ነበራቸው። የጎጃም ሰው አይደሉ? የቅኔው ዋሸራ አገር ልጆች፣ ነገርን በሰም ሳይጠቀልሉ አያቀብሉም። እናም የኃላፊው መኪና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ጥበቃው፣ «ደመናው ከብዷል፣ በቆሎውን ሰብስብ» ይላሉ። ባለሚዛኑ እግሩን ከጠረጴዛው ላይ ያወርዳል። ይህ ብዙ ጊዜ ሠራ። አንድ ቀን ግን ከሬዲዮው ውስጥ ቀስ ያለ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ደመናው ይሰማል። በሩን ክፈቱ።»

ሦስተኛውን ሬዲዮ ማን እንደያዘው ሁለቱም ረስተውት ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለሚዛኑ ምስጢር ፍለጋ ገባ። ከሰው ሰምቶ የድምፅ ኮድ የሚባል ነገር አገኘ። ከንግግሩ ስር አንዲት ዝቅ ያለች ለጆሮ የማትሰማ ዜማ ታስቀምጣለህ፤ ብዙ ጊዜ ከ67 እስከ 254 ሄርዝ ድረስ ካሉት አንዷን ትመርጣለህ። ያቺን ዜማ ይዞ ካልመጣ በቀር ሬዲዮህ በሩን ለማንም አይከፍትም። ልጁ ደስታውን አልቻለውም፤ ከእንግዲህ እኛ የምናወራውን ማንም አይሰማም ብሎ አወጀ።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ኮዱ የሚዘጋው ያንተን ጆሮ ነው፤ የሌላውን አይደለም። አንተ የጎረቤትህን ወሬ አትሰማም፤ ጎረቤትህ ግን ኮድ ሳያስገባ በዚያው ሞገድ ላይ ከተቀመጠ ያንተን አንድ ሳይቀር ይሰማል። ጂጋ ላይ አንድ ሠርግ ነበር። ከውጭ አገር የመጣ የሙሽራው ዘመድ እንዲህ ያለ ኮድ ያለበት ሬዲዮ ለሚዜዎቹ አድሎ፣ ስለ ሙሽሪት ወገኖች ወጥ ቅጥነት በሰፊው ሲወያዩበት ዋሉ። የቪዲዮ ቀራጩ ረዳት ሬዲዮ በዚያው ሞገድ ላይ ነበር፤ ኮድም አልነበረውም። ረዳቱ ደግሞ የሙሽሪት የአክስት ልጅ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እርቁ የተጠናቀቀው ለመልስ ነው።

ይህን ስል ሕጉንም ላንሣ። መገናኛ ሬዲዮ ሰው ከውጭ ሲመጣ እንደ ሽቶ በሻንጣው ሸጉጦ የሚያመጣው ነገር አይደለም፤ ሞገድ ባለቤት አለው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከተቋቋመ ወዲህ ፈቃዱን የሚሰጠው እሱ ነው። የጂጋው ዘመድ ሬዲዮውን በየት በኩል እንዳስገባው አልተነገረም፤ ሰው ሁሉ በወጡ ቅጥነት ላይ ስለነበር ማንም አልጠየቀም።

ክፍት መስመር ላይ ከወዲያ ያለው ማን ነው ብሎ ሳይጠይቁ ማመን ጎጃም ውስጥ የቆየ ታሪክ አለው። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ፣ በደምበጫ አድርጎ፣ ደብረ ማርቆስንም ሲለቅ የስልክ መስመሩን ሳይቆርጠው ሄደ። ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጋር አብሮ የነበረ ኤድመንድ ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጣሊያንኛ አሳምሮ ይናገር ነበር። በዚያው ስልክ በአባይ መሻገሪያ ላይ ከነበሩት ጣሊያኖች ጋር ተነጋገረና፣ የራሳቸው ወገን መስሎ፣ ብዙ ጦር እየመጣባቸው ስለሆነ ቢሻገሩ እንደሚሻላቸው መከራቸው። እነሱም ተሻገሩ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ አንድ ምሽግ በስልክ ተለቀቀ። መጋቢት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጣሊያኖቹ «ለመሆኑ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ነገሩ ይከሽፍ ነበር፤ የእኛ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ስልክ አይዘጋም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የበር ጥበቃው ሬዲዮ ሲይዙ የሚናገሩት እንደ ባላገር ነው። ቁልፉን ይጫኑና፣ «እንደምን ዋልህ ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትህስ ተሻላት?» ብለው፣ ከዚያ ነው «አንድ ተሳቢ መጥቷል» የሚሉት። ኃላፊው ይህን አልወደዱም። የባትሪ ብክነት ነው፣ የሥራ ሰዓት ብክነት ነው አሉ። ሠልጥነው የመጡ ሰው ናቸው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከዛሬ ጀምሮ በሬዲዮ ሰላምታ የተከለከለ ነው፣ መልእክት አጭርና ቀጥተኛ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይኖርብኛል። በእኛ አገር ሰው በሸለቆ ማዶ ለማዶ ሲጠራራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ወይም ወደ ብር ሸለቆ በሚያየው አፋፍ ላይ ምሽት ላይ ቁሙ። አንዲት ሴትዮ ወደ ጠርዙ ትወጣለች። መጀመሪያ ነገሯን አትናገርም። ስሙን ነው የምትጠራው፤ ያውም መጨረሻውን እየጎተተች። ከዚያ ትጠብቃለች። ገደሉ ይመልስላታል፤ እሱንም ታስጨርሰዋለች። ማዶ ያለው «አቤ…ት!» ይላል። አሁን ነው ነገሩ የሚመጣው፤ «ጥጃው ከእናንተ ዘንድ አድሯል ወይ?» ባጭሩ። ሁለቱ አንድ ላይ አይጮኹም። ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወታደር በስልጠና የሚማረውን ሥርዓት እረኛው በስምንት ዓመቱ ጨርሶታል።

አፋፍ ላይ መውጣቷም ያለ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ሬዲዮ የሚደርሰው የሚያየው ድረስ ነው። መሐንዲሶቹ የቆምክበትን ከፍታ በሜትር ስኩዌር ሩቱን አውጥተህ በ4.12 አባዛው፣ የአድማስህ ርቀት በኪሎ ሜትር ይወጣልሃል ይላሉ። ሜዳ ላይ ቆሞ ሬዲዮውን አፉ ዘንድ ለያዘ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መቶ ሜትር ከፍ ካለ ጉብታ ላይ ለወጣ 41። ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ በቆሎ ተከምሮበት ለተቀመጠ ባለሚዛን ስንት እንደሚሆን ቀመሩ አይናገርም። ጩኸት ደግሞ ምንም አይጨምርም። በኤፍ ኤም ላይ የጮኸ ሰው ድምፁ ይሰነጠቃል እንጂ አይርቅም።

ወረቀቱ በተለጠፈ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ አንድ ኤፍ ኤስ አር ሊጭን መጣ። ጫኝና አውራጆቹ ሦስተኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ተሰልፈዋል፤ ባለሚዛኑም አብሯቸው ነው። ኃላፊው ቢሯቸው ውስጥ የእርጥበት መለኪያውን ይዘው ናሙናውን ያያሉ። 16 በመቶ ይላል። በቆሎ እርጥበቱ ወደ 13 ገደማ ካልወረደ ይሻግታል፤ ነቀዙም ያኔ ይበረታል። ሬዲዮውን አነሡ። ሰላምታ የለም። ቁልፉን ተጭነው በዚያው ቅጽበት፣ አጭርና ቀጥተኛ በሆነ መንገድ፣ «አይጫን!» አሉ።

በሦስተኛው ክፍል ደጃፍ ያለው ሬዲዮ ስኩዌልች በሩን ለመክፈት ያቺን ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ኮዱም ደግሞ አለ፤ ዜማዋን እስኪለይ ድረስ ይበልጥ ያዘገየዋል። በሩ ሲከፈት «አ» አልፋ ሄዳለች። የወጣው «…ይጫን!» ነው።

ተጫነ። ያውም ፈጥኖ። በኩንታል የሚከፈለው ጫኝ ትእዛዝ ከመጣ ማንንም አይጠብቅም። ኃላፊው ሻያቸውን ጠጥተው ሲወጡ ሸራው ታስሮ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል።

«ማን ጫኑ አላችሁ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አይጫን ነው ያልኩት!»

«እኛ ይጫን ነው የሰማን፤ መቼም ለእርስዎ ቃል ቃል አንጨምርም።»

ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። ጫኞቹ ለመጫኛ ተከፈላቸው። ከዚያ ለማውረጃ ተከፈላቸው። በዚያ ግቢ ለስኩዌልች የምሥጋና ጸሎት ያደረሱት እነሱ ብቻ ናቸው።

እስኪ አስቡት። የእኛ ቋንቋ እምቢታውን የሚያስቀምጠው መግቢያው ላይ ነው፤ ሬዲዮው የሚበላውም መግቢያውን ነው። ጥበቃው «አትልቀቀው» ቢባሉ «ልቀቀው» ይደርሳቸዋል። «አትክፈት» «ክፈት» ይሆናል። ሰላምታ በነበረ ጊዜ ግን ሬዲዮው «እንደ»ን ይበላና «…ምን ዋልህ» ብሎ ይቀጥላል፤ ማንም አይጎዳም። የጥበቃው እናትህስ ተሻላት የምትባለዋ ነገር የግቢውን በቆሎ ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

ይህን ለኃላፊው ያስረዱት ጥበቃው ናቸው ቢባል ደስ ባለኝ። ያስረዳቸው ግን ዘመዴ ነው፤ እኔም አጠገቡ ነበርኩ። ቁልፉን ይጫኑ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ከዚያ ይናገሩ አላቸው። ወይም ሰላምታው ይመለስ። ኃላፊው አሰቡ። የተለጠፈ ወረቀት ማንሣት ለማስታወቂያ ሰሌዳው ክብር ጥሩ አይደለም። ሌላ መላ መጣላቸው፤ እምቢታው ከመግቢያው ወደ መጨረሻው ይዛወር። ከእንግዲህ «አይጫን» የሚል ቃል የለም፣ «መጫን ክልክል ነው» ይባላል። መግቢያው ቢበላ እንኳ ክልከላው ይቀራል።

ብልህ ነው፤ አይካድም። ችግሩ ሰዎቹ ለመዱት። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ በዚያ ግቢ ሰው ሁሉ እንደ አጥር ላይ ጽሑፍ ማውራት ጀመረ። «ባለሚዛን፣ መክፈት ክልክል ነው።» «ገባኝ፣ መክፈት ክልክል ነው።» «ምሳ ሄደሃል?» «መሄድ ክልክል ነው፣ ሰው አልተካልኝም።» ጥበቃው ይህን ልማድ ይዘው ቤታቸው ገብተው፣ ልጃቸው ሲያለቅስ «ማልቀስ ክልክል ነው» ሲሉ ባለቤታቸው፣ «ኧረግ! ምን ሆነዋል ዛሬ?» እንዳሏቸው ራሳቸው ነግረውኛል።

ባለሚዛኑ ግን በዚህ ሁሉ ተሰላችቶ ነበር። ክልክሉ ሰለቸው፣ የጥበቃው ቻይንኛ ሰለቸው። ስኩዌልቹን 9 ላይ አደረገና ማንም እንዳይነካበት ብሎ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጠፈበት። ዓለም ጸጥ አለች። ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከበቆሎው ክምር ጀርባ የሚመጣ ደካማ ጥሪ 9ን አልፎ አይገባም። ልጁ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተቀመጠ።

«ዛሬ አልፈለጉህም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዝም ብለዋል» አለኝ። «ሥራው ቀዝቅዟል መሰል።»

በሩ ላይ ሦስት መኪና ቆሞ ነበር። ጥበቃው በሬዲዮው፣ «ኧረ አንተ ልጅ! ሳን ላይ ነህ ዉ ላይ?» እያሉ ሲጣሩ ድምፃቸው ያለ ሬዲዮው እኔ ጋ ይደርስ ነበር፤ እሱ ግን ጆሮውን ከሬዲዮው ላይ አላነሣም፤ ጥሪ ካለ በእሷ በኩል ነው የሚመጣው ብሎ።

በዚህ መሐል ነው ተላላኪው የተወለደው። ሻይ የሚያመላልስ፣ ጫማው የተበሳ፣ ፈጣን ልጅ ነበር። ጥበቃው ጠሩትና፣ «ሩጥና ባለሚዛኑን ሬዲዮህን ክፈት ተብለሃል በልልኝ» አሉት። ሮጠ። ባለሚዛኑ፣ «ተከፍቷል በላቸው» አለ። ተመልሶ ሮጠ። «ታዲያ ለምን አይሰማም በለው።» ሮጠ። «ለምን አይጠሩኝም በላቸው።» እንዲህ ሲል ዋለ። በሳምንቱ ሬዲዮው ቀርቶ መልእክቱን ሁሉ እሱ ያደርስ ጀመር፤ አፉን ሲከፍት ደግሞ መጀመሪያ «እንደምን ዋሉ» ይላል፣ ስለዚህ አንድም ቃል አልተበላበትም። ኃላፊውም እንኳ ይህን ሰላምታ አልከለከሉትም፤ ወረቀቱ የሚለው በሬዲዮ ነዋ።

ወሩ ሲያልቅ በስብሰባ ላይ የልጁ ነገር ተነሣ። በሁለቱ ሬዲዮዎች መካከል ሲመላለስ ጫማው ማለቁ፣ እሱ ሻይ ሊያመጣ ሲወጣም ሥራ መቆሙ ተገመገመ። መፍትሔ ተፈለገ። ብዙ ተወያይተው፣ ተላላኪው በፈለጉት ጊዜ በቶሎ እንዲገኝ አራተኛ ሬዲዮ ይገዛለት ብለው ወሰኑ። ዘመዴ ደብዳቤውን አረቀቀ፤ ማኅተም ተመታበት። ለፊርማ ወደ ኃላፊው ቢሮ ይዞት የሮጠውም ልጁ ነው።